በትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ጉቶና ሸክላ

የጨው ውሃ አኳሪየም (የባሕር ውሃ ያለበት የዓሣ ገንዳ) ውስጥ እንጨት ይገባል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ይገባል፣ ግን ተዘጋጅቶ። ተራው፣ ጨው የሌለበት አኳሪየም ብዙ ነገር ይችላል። ጉቶ ነክራችሁ ውሃው ትንሽ ቢጠቁር ብዙዎቹ ዓሣዎች ጭራሽ ይመቻቸዋል። የጨው ውሃ እንደዚያ አይችልም። ገንዳው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሱሉልታ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቀኑን ከእንጨት ጋር እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ 60 ሊትር የምትይዝ የጨው ውሃ ገንዳዬ ፊት እቀመጣለሁ። ኮራል በኮራል (ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት) የሆነ ገንዳ ያምራል፣ አልክድም። የእኔ ልብ ግን የወንዝ ዳር መልክ ላይ ነው። የተጠማዘዘ ሥር፣ ጠጠር፣ ትንሽ ዋሻ፣ በመሃሉ ሽው የሚል ዓሣ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የባሕር ድንጋይ እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ጉቶ፣ ድንጋይና ሸክላ ግን ደጃችን ላይ አለ።

ምን ይለቃል?

ገንዳ ውስጥ የምታስገቡትን ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ “ምን ይለቃል?” ብላችሁ ጠይቁት። መልኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ድንጋይም ይለቃል፣ ቀለምም ይለቃል፣ ፕላስቲክም ይለቃል። ከሁሉም አብዝቶ የሚለቀው ግን እንጨት ነው።

እንጨትና ባሕር አይስማሙም ማለቴ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በኤርትራም በጅቡቲም በኩል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚኖር የማንግሮቭ ዛፍ አለ። ትንንሽ ዓሣ የሚያድገው በሥሮቹ መካከል ተደብቆ ነው። ባሕሩ ግን ሰፊ ነው። ከእንጨቱ የወጣው ነገር ወዲያው ይበተናል። የእኔ ገንዳ 60 ሊትር ነው። የተለቀቀው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

እንጨት በዋናነት ሁለት ነገር ይለቃል። አንደኛው ታኒን ነው። ውሃውን ቀጭን ሻይ የሚያስመስለው እሱ ነው። ታኒን አሲድነት አለው። የባሕር ውሃ አኳሪየም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ8.1 እስከ 8.4 አካባቢ መቆየት አለበት። ይህን ደግፎ የሚያቆመው ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ነው፤ ኬኤች ብለን የምንለካው ማለት ነው። አሲዱ ካርቦኔቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ለጊዜው ፒኤቹ ምንም የሆነ አይመስልም። ካርቦኔቱ ሲሳሳ ግን መውረድ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ፈጣን ነው። ሁለተኛው እንጨቱ ሲላላ የሚወጣው ስኳርና ሌላ ኦርጋኒክ ነገር ነው። ባክቴሪያ እሱን ሲበላ የውሃውን ኦክስጅን ይጠቀማል። በጉቶው ስንጥቅ ውስጥ የሚጠራቀመው የምግብ ትራፊ ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ አልጌ (ገንዳው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝልግልግ) ይቀልባል።

ኦክስጅን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን ከሌላው የሚለየን እሱ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ በደንብ አይሞላም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ጨው የሌለበት ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። የባሕር ውሃ በጨውነቱ ምክንያት 6.7 ገደማ ብቻ ይይዛል። ያንኑ የባሕር ውሃ ሱሉልታ ስናመጣው ወደ 5 ይወርዳል። ያውም ውሃው በደንብ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ነው። ዓሣው በዚህ ይኖራል። ችግሩ ትርፍ የለንም። ማታ መብራት ይጠፋል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ የሚበሰብስ ጉቶ ላይ ያለው ባክቴሪያ ግን ሥራውን አያቆምም። ጠዋት ዓሣዎቹ ውሃው አፍ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ታገኟቸዋላችሁ።

ስለዚህ ጉቶ ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዙ። መብራት ሲጠፋ እሱን አስገቡ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ከላይ አየር መግቢያ ተዉለት። የሱሉልታን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ብርድ ልብሱ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

የትኛው እንጨት?

እዚህ ላይ እንደ አናጺ ልናገር።

ባሕር ዛፍ አይሆንም። ዘይቱ ብዙ ነው፤ በአካባቢያችን የወደቀ ቅርንጫፍ ሁሉ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ጥድም አይሆንም፣ ሙጫው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ግራር ታኒኑ ከባድ ነው፤ ቆዳ ለማልፋት የሚፈለገውም ለዚያ ነው። ዋንዛ ለጠረጴዛ የምወደው እንጨት ነው፤ ለውሃ ግን ቀላል ነው፣ አይሰጥምም፣ ቶሎ ይላላል። ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ በጭራሽ። ኮላቸው ውሃ ውስጥ ይፈታል። የግንባታ ጣውላም ተዉት፤ ዘይት ወይም የምስጥ መድኃኒት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

የሚሆነው ወይራ ነው። የቡና ጉቶም ይሆናል። ሁለቱም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣ በቀላሉ አይበሰብሱም። የወይራ ሥር ደግሞ በተፈጥሮው ይጠማዘዛል፣ ቀዳዳና ስንጥቅ አለው። ለጌጥ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዛፍ ግን አትቁረጡ። ማገዶ የሚሸጥበት ግቢ ሂዱና ከክምሩ ውስጥ ፈልጉ። ለእሳት የተዘጋጀ የደረቀ ሥር አይጠፋም፣ ባለቤቱም ይመርቅላችኋል።

ሥራ ቤት የሚረዳኝ ልጅ አንድ ቀን ከክምር ውስጥ በጣም የሚያምር ጉቶ ይዞልኝ መጣ። “ጋሼ፣ ይሄስ?” አለኝ። ጥግ ላይ ያለውን ቅርፊት በመሮ ነካ አደረግኩት። የጥድ ሽታ ቤቱን ሞላው። “ሽታው ካለ ውሃውም ይቀምሰዋል” አልኩት። ፈተናው ይኸው ነው። በመሮ ወይም በቢላ ትንሽ ገለጥ አድርጉ። የሙጫ ወይም የዘይት ሽታ ካለው መልሱት። ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጫን በሉ። ጥፍሩ ምልክት ከተወ እንጨቱ መላላት ጀምሯል። ጥሩ ወይራ ላይ ጥፍራችሁ ተንሸራቶ ያልፋል።

ከወንዝ ዳር የምትለቅሙ ከሆነ የት እንደምትለቅሙ አስቡ። የአቃቂን ወንዝ ተዉት። የፋብሪካና የቆዳ ሥራ ፍሳሽ ለብዙ ዓመት ሲገባበት የኖረ ወንዝ ነው፣ እንጨት ደግሞ የጠጣውን ይይዛል።

ማዘጋጀት

ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ አንሱ። ታኒንና የነፍሳት እንቁላል የሚበዛው ቅርፊቱ ውስጥና ስሩ ነው። መሮና ጠንካራ ብሩሽ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ የተሰበረ ሽቦ ስንጥቅ ውስጥ እንዳይቀር በደንብ እዩ። ሳሙናና በረኪና አያስፈልግም። ሹል ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ዓሣ እንዳይቧጨርበት። ቫርኒሽ አትቀቡት።

ከዚያ ይቀቀላል። ትልቅ ብረት ድስት፣ ጉልቻ፣ ግቢ ውስጥ። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ እንዳለው በ100 አይደለም። ስለዚህ ውጭ አገር ሰዎች “አንድ ሰዓት ቀቅሉ” ሲሉ እኔ ግማሽ ቀን አደርገዋለሁ። ውሃው ሲጠቁር ደፍታችሁ ሌላ ጨምሩ። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ከላዩ ላይ አረፋ ይዞ ይወጣል። ሦስተኛው አራተኛው እየነጣ ይመጣል።

መቀቀል ብቻውን አይበቃም። ጉቶውን ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ነክራችሁ ተዉት፣ ውሃውን በሁለት ሦስት ቀን ቀይሩ። የሚያበቃው ቀን ቆጥራችሁ አይደለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትቀይሩት ቆይታችሁ ውሃውን ነጭ ኩባያ ውስጥ ቅዱ። ከኩባያው መልክ ካልተለየ ደርሷል። ወይራ ለዚህ ወራት ሊወስድበት ይችላል። ችኮላ የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ የጨው ውሃ ከተራው ውሃ ይከብዳል። በተራ ውሃ የሰጠመ ጉቶ በጨው ውሃ ብድግ ሊል ይችላል። ስለዚህ ባልዲው ውስጥ በሊትር 35 ግራም ተራ ጨው ጨምራችሁ ሞክሩት። ለሙከራ የወጥ ጨው ይበቃል፣ በኋላ አጥቡት። ካልሰጠመ ከድንጋይ ጋር እሰሩት። እኔ ከእብነ በረድ ቤት ቁራጭ አመጣለሁ፣ በግድግዳ መብሻ ሁለት ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ጉቶውንም እበሳለሁ፣ በኬብል ታይ (በፕላስቲክ ማሰሪያ) አስራለሁ። ምስማርና ብሎን ክልክል ነው። ጨው ውሃ ብረትን ሲያዝገው ጊዜ አይፈጅበትም። ናስ ወይም መዳብ ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይጨርሳል።

ስለ ጨው ካነሳን፣ ለገንዳው ራሱ የአፍዴራ ጨው አይሆንም። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ከዚህ ውስጥ 1.3 ግራም ገደማው ማግኒዚየም፣ 0.4 ገደማው ካልሲየም ነው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። የወጥ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው ግዙ፣ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያ) 35 ላይ አድርሱት።

አቀማመጥ

ለ60 ሊትር አንድ ጉቶ ይበቃል። ቀጠን ያለ፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ ከገንዳው አንድ አሥረኛ የማይበልጥ። የእጅ ጣት ያህል ውፍረት ያላቸው ሥሮች ከአንድ ድቡልቡል ግንድ ይሻላሉ። ውሃ በሁሉም በኩል ያልፍባቸዋል፣ ለዓይንም ትልቅ መስለው ይታያሉ።

አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት። አደራ። የተቀበረ እንጨት ኦክስጅን በሌለበት ይበሰብሳል፣ አሸዋው ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። እሱ መርዝ ነው። ጉቶው እብነ በረዱ ላይ ይቀመጥ፣ እብነ በረዱ የገንዳው መስታወት ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ይፍሰስ።

ቦታውን በተመለከተ የጃፓኑ የአኳሪየም ንድፍ ባለሙያ ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ለተራ አኳሪየም የተወልን ስልት ለእኛም ይሠራል። ዋናው ጉቶ መሃል ላይ አይቆምም። ከአንድ ጎን ሲሶ ያህል ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ቅርንጫፉ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል። ያ ባዶ ቦታ ለዓሣው መዋኛ ነው። በጉቶውና በመስታወቱ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ካልሆነ አልጌ መፋቅ ስቃይ ይሆንባችኋል።

ሥሩ ከውሃው በላይ ብቅ እንዲል ማድረግም ይቻላል፣ የማንግሮቩን መልክ ይሰጣል። እኔ እወደዋለሁ። እንጨቱ ግን ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ከውሃው ከፍ ብሎ ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጫፉ ላይ መርፌ የሚመስሉ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ደግሞ አስታውሱ፦ የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። በየቀኑ የጎደለውን በተጣራ ተራ ውሃ ሙሉ፣ በጨው ውሃ አይደለም። በበጋ የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ገንዳው ቶሎ ይጎድላል።

ሸክላ፣ ድንጋይና የተሠራ ሥር

እንጨቱን ለማዘጋጀት ትዕግሥት የሌለው ሰው ሸክላ ይጠቀም። በጣም የምመክረው ነገር ነው። ቀጨኔ ሄዳችሁ ከሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ገና ያልተሟሸ ትንሽ ጀበና ወይም ድስት ጠይቁ። ያልተሟሸ ማለታችሁን አትርሱ። የተሟሸው ዘይት ጠጥቷል፣ ያ ዘይት ገንዳው ውስጥ ይወጣል። ያገለገለ ጀበና ደግሞ የቡና ዘይት አለበት። ቀለም የተቀባውን፣ የሚያብለጨልጨውንም ተዉት።

የእኛ ሸክላ በማገዶ እሳት ስለሚተኮስ እንደ ፋብሪካው ሴራሚክ አይጠነክርም። አንዳንዱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይፈረፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ በጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ወር ያህል አቆዩት። አውጥታችሁ በጣታችሁ አሹት። ጣታችሁ ላይ ጭቃ ከወጣ አይሆንም። ካልወጣ ጎኑን በመጋዝ ከፈት አድርጉና በጎኑ አስተኙት። ዋሻ ሆነ ማለት ነው። ውሃ የማያልፍበት ድፍን ጥግ እንዳይኖረው ከኋላም አንድ ቀዳዳ ብሱለት።

ድንጋይ ቀላል ነው። ጥቁር ድንጋያችን ባዛልት ነው፣ ብዙ የሚለቀው ነገር የለውም። ቀይ አሽ ደግሞ በቀዳዳው ምክንያት ለባክቴሪያ ማደሪያ ጥሩ ነው። አቧራው ግን ማለቂያ ያለው አይመስልም፤ የምታጥቡበት ውሃ ንጹህ ሆኖ እስኪወርድ እጠቡት። ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት የሚፈላ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ለተራ አኳሪየም አትጠቀሙ የሚባለው እሱ ለጨው ውሃ ምንም አይልም። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጅማት ያለበትን ድንጋይ ግን አታስገቡ፣ መዳብ ሊሆን ይችላል። ለወለሉ የተፈጨ ነጭ እብነ በረድ ይሆናል።

የሥር መልክ ፈልጋችሁ እንጨት ካልፈለጋችሁ በፒቪሲ ቱቦ ይሠራል። የተለያየ ውፍረት ያለው ቱቦና ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ) ወስዳችሁ ሥር የሚመስል አጽም ገጣጥሙ። ቱቦውን በእሳት ለማጠፍ አትሞክሩ፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ በናይለን መረብ ጠቅልሉት። የሽቦ መረብ አይሆንም፣ ይዝጋል። ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ የተፈጨ እብነ በረድ ወፍራም አድርጋችሁ አቡኩና ልበጡት። የመጨረሻው ስስ ልባጥ ላይ የቀይ አሽ ዱቄት ብትጨምሩ መልኩ ወደ እንጨት ይጠጋል። ሳይደርቅ በመሮ ጫፍና በብሩሽ የእንጨቱን ጅማት ሥሩለት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እውነተኛ ሥር ፊታችሁ አስቀምጡ። ጅማቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጉጥ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ይከፈታል፣ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገናኛል። ይህን ብቻ ካስተካከላችሁ ሰው ሁሉ እንጨት ነው ይላል።

በላስቲክ ሸፍናችሁ እርጥብ አድርጋችሁ 28 ቀን አቆዩት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ውሃውን እየቀያየራችሁ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ስለሚለቅ የውሃውን ፒኤች ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ለጥቂት ቀናት ሳትቀይሩት ቆይታችሁ ስትለኩ ከ8.5 በታች ሲሆን ገንዳ ውስጥ ይገባል።

የተራ አኳሪየም ተክሎች በ35 ጨው ውስጥ አይኖሩም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የፕላስቲክ ተክል ይቻላል። ታችኛው ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ለስላሳ ብረት ካለ እርሳስ ነው፣ ፍቱና ጣሉት። ቀለሙን በሙቅ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አሳድራችሁ ፈትኑ። ለተራ አኳሪየም ተክል የሚሸጠውን ማዳበሪያ ያለው አፈርም አታስገቡ።

ዓሣውና ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ

ለእንዲህ ዓይነት ገንዳ ሞሊ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፣ ተራ ውሃ ውስጥ ያደገ ቢሆንም ቀስ በቀስ ከለመደ በሙሉ የባሕር ጨው ውስጥ ይኖራል። ጨውን በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ አለማምዱት። ጥሩ ነገሩ ደግሞ ጉቶው ላይ የሚበቅለውን ስስ አልጌ ሲለቅም ይውላል። ኮራል ለማሳደግ የምታስቡ ከሆነ ግን እንጨቱን ተዉት። ታኒኑ ብርሃን ይቀንስባቸዋል፣ ኬኤቹን ይሻማቸዋል። በሲሚንቶ የተሠራውን ሥር ተጠቀሙ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ባክቴሪያና ሻጋታ ነው። ሞሊዎቹ ካልጨረሱት በትንሽ ቱቦ መጥጣችሁ አውጡት። ብዙ ሳይቆይ ራሱ ይጠፋል። አክቲቭ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) በከረጢት አድርጋችሁ ፊልተሩ ውስጥ አስገቡ፣ ታኒኑን እሱ ይይዘዋል። በወር አንዴ ይቀየር። በሳምንት ከውሃው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀይሩ።

ኬኤቹን በየሳምንቱ ለኩ፣ በማስታወሻ ጻፉት። ከ7 እስከ 11 ዲግሪ መሃል ከሆነ ደህና ነው። ወደ ታች ከሄደ የማዕድ ቤት ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ንጹህ ሶዳ። ለ60 ሊትር 1.8 ግራም ሶዳ ኬኤቹን በአንድ ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በተጣራ ውሃ ብርጭቆ አሟሟታችሁ ውሃው በኃይል በሚንቀሳቀስበት በኩል ቀስ እያላችሁ አፍስሱት። በአንድ ቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ አትጨምሩ።

ያ ማስታወሻ ሌላም ጥቅም አለው። ወይራ እንኳ ለዘለዓለም አይቆይም። ኬኤቹ ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ መውረድ ከጀመረ፣ ካርቦኑ እያለ ውሃው ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ጥፍራችሁ እንጨቱ ውስጥ መግባት ከጀመረ ጉቶው የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል። ስታወጡት ጎትታችሁ አታውጡት፣ የላላው ክፍል ይበተናል። ሳህን ወይም ትንሽ ገበታ ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ ከሥሩ አድርጉና ከነውሃው አንሱት። በዚያው ቀን ካርቦኑን ቀይሩ፣ የአየር ፓምፑን ሌሊቱን በሙሉ አትዝጉት። ተተኪውን ጉቶ ከወራት በፊት በርሜል ውስጥ ነክራችሁት ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ማስገባት ትችላላችሁ።